ሣሩ የሚከፈትበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ማሪቢርኖንግ ሰፈር ካለው የገበያ ማዕከል ወጥቼ ትራም ስጠብቅ፣ ከወንዙ በኩል የታጨደ ሣር ሽታ መጣ። ለምለም የጓሮ ሣር በማሽን ሲቆረጥ የሚሸተው ዓይነት አልነበረም፤ እሱማ እዚህ አገር ቅዳሜ ቅዳሜ በየሰፈሩ ይሸታል። ይህኛው የደረቀ፣ ገለባ ገለባ የሚል፣ አፍንጫ የሚያሳክክ፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ማር የነካው የሚመስል ሽታ ነው። ትራሙ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። እኔ ሁለት ከረጢት አንጠልጥዬ እዚያው ቀረሁ። ጋሼ እርገጤ ትዝ ብለውኝ ነበር።

ሌላ ሰው ሳስታውስ ወይ ደስ ይለኛል ወይ አዝናለሁ። እሳቸውን ሳስታውስ ግን ግራ ይገባኛል። ትክክል ነበሩ? ተሳስተው ነበር? ወይስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አንዱን መርጬ ልተኛበት አልቻልኩም።

ያኔ የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ ሜልተን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሲሆን፣ እናቴ ሜልተንን የመረጠችው የቤት ኪራይ ስለሚረክስ ነው፤ ሌላ ምክንያት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። መንገዳችን ገና አዲስ ነበር። አስፋልቱ አዲስ፣ አጥሩ አዲስ፣ ዳር ዳሩን የተተከሉት ዛፎች ቁመታቸው ከእኔ የሚያንስ። በየጣሪያው የአገር ቤት ቴሌቪዥን የሚስብ ትልቅ ዲሽ፣ በየጓሮው ትራምፖሊን። መንገዱ ሲያልቅ ቤቱም አብሮ ያልቅና ወደ ጅረቱ የሚወርድ ተዳፋት ይጀምራል። ጥቁር ድንጋይ፣ እሾህ፣ የተገለበጠ የሱፐርማርኬት ጋሪ፣ ዝናብ ያበሰበሰው ፍራሽ። የሰፈሩ ጎረምሶች ሞተር ሳይክል ይነዱበት ነበር። እናቴ እባብ አለ ብላ እንዳልወርድ ከልክላኛለች።

ጋሼ እርገጤ የሚኖሩት ከሁሉም በመጨረሻው ቤት፣ ተዳፋቱ አፍ ላይ ነው። የመንዝ ሰው ናቸው። በሱዳን በኩል ወጥተው ካምፕ ውስጥ ዓመታት ከቆዩ በኋላ እዚህ መጡ፤ ከዚያ ዌሪቢ ካሉት የአትክልት እርሻዎች ጎመንና አበባ ጎመን ሲለቅሙ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ጡረታ ወጡ። የሥራቸውን ብርቱካንማ አንጸባራቂ ሰደርያ ግን ጡረታ አላወጡትም። ጠዋት ሲበርድ በላዩ ጋቢ ይደርቡበታል። ኪሳቸው ውስጥ አገር ቤት የሚደውሉበት የሚፋቅ የስልክ ካርድ አይጠፋም፤ ሒሳቡ ካለቀ በኋላም አይጥሉትም፣ በጠርዙ ጥርሳቸውን ይጎረጉሩበታል። እንግሊዝኛቸው «ጉድ ሞርኒንግ»፣ «ቦክስ» እና «ፊኒሽ» ነበር። ለቀረው እኔን ይጠሩኛል። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ሴንተርሊንክ የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ቢሮ፣ ሁሉም ቦታ እኔ ነኝ። «አፈ ንጉሥ፣ ነይ እስቲ» ይሉኛል በአጥሩ ላይ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አፈ ንጉሥ ስትባል ምን ያህል እንደምትኮፈስ መገመት ነው።

ከተዳፋቱ ጋር ያገናኘቻቸው ጁዲት ናት። ጁዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች፤ እሑድ እሑድ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ትወርድና ተንበርክካ የአገሩን ሣር ትተክላለች። ቤቶቹም በጎቹም ሳይመጡ በፊት ይህ የምዕራቡ ሜዳ በሙሉ እንዲህ ያለ ሣር ነበር፣ አሁን የቀረው ቁርጥራጭ ነው ትለኝ ነበር። እያንዳንዷን ችግኝ በአረንጓዴ ፕላስቲክ ትከልላለች። በሳምንቱ ሞተሩ ይሄድበታል፣ ውሻው ይቆፍረዋል፣ እሷም መልሳ ትተክላለች። ጋሼ እርገጤ አጥራቸውን ተደግፈው አንድ ዓመት ሙሉ ይህን አዩ። አንድ እሑድ ግን ትዕግሥታቸው አለቀና ጠሩኝ።

«ለዚህች ሴትዮ ንገሪያት። መሬት በፕላስቲክ አይዘጋም፤ በሰው ነው የሚዘጋው በያት።»

ከዚያ የቀሮን ነገር ነገሩኝ። በእሳቸው አገር ጓሳ የሚባል ሣር የሚበቅልበት ሰፊ ደጋ አለ። ማንም ብድግ ብሎ አያጭደውም፣ ከብትም አይለቀቅበትም። ሕዝቡ የመረጠው አባት፣ አባ ቀሮ የሚባለው፣ ይዘጋዋል፤ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሰው በየተራ ይጠብቀዋል፤ ሰርቆ ያጨደ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ያን ቀን አገሩ በሙሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣና ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ የሚሆነውን እኩል እኩል ይወስዳል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የጋሼ እርገጤ አያት አባ ቀሮ ነበሩ። ይህን ሲነግሩኝ ወገባቸው ቀጥ ይላል።

በሰፈሩ ዘጠኝ የሐበሻ ቤተሰብ ነበርን። ገሚሱ ኦርቶዶክስ፣ ገሚሱ እንደ እናቴ ጴንጤ ነው፤ በለቅሶና በልደት ካልሆነ አንድ ቦታ አይገኝም። ጋሼ እርገጤ ግን ለእያንዳንዱ ቤት ጓሮ ቆፍረዋል፣ ከዌሪቢ ጎመን ተሸክመው አድለዋል፤ እምቢ የሚላቸው አልነበረም። ተዳፋቱን በዚሁ ደንብ ልንዘጋ ጋራዣችን ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተሰበሰብን። በአገሩ ደንብ ሲዘጋ ይማላል። ጴንጤዎቹ አንምልም አሉ፣ ቃላችሁ አዎን አዎን ይሁን ነው የተባልነው ብለው። ክርክሩ ሊሞቅ ሲል ጋሼ እርገጤ ጭንቅላታቸውን አከክ አከክ አደረጉና ኦርቶዶክሱ ይማል፣ ጴንጤው አዎን ይበል፣ ሣሩ ልዩነቱን አያውቅም አሉ። እኛ ከሳቅን በኋላ እሳቸው ሳይስቁ አንድ ነገር ጨመሩ፤ በሦስተኛው ዓመት ከፍቼ ለየቤታችሁ አካፍላችኋለሁ፣ ቃሌ ነው አሉ። ሜልተን ውስጥ ሣር ለምን እንደሚሆነን የጠየቀ አልነበረም። ሽማግሌው ደስ ይበላቸው ብለን ነው መሰለኝ።

እናም ተዘጋ። ከሥራ ሽፍቱ የተመለሰ፣ ቅዳሜ ኦፍ የሆነ፣ ተራ ገብቶ ከተዳፋቱ አፍ ላይ ይቀመጣል። እኔና ጋሼ እርገጤ ደግሞ የሐበሻ ያልሆኑትን ቤቶች በር እያንኳኳን ዞርን። እሳቸው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ እናገራለሁ። እፍረቱ ሊገድለኝ ነበር። የሞተረኞቹ ልጆች እናት ግን ፖሊስ ከመጥራት ይልቅ ሰው መጥቶ ሲለምናት የመጀመሪያዋ ስለነበር ይመስለኛል፣ ልጆቿን እየነዳች አምጥታ ያን የበሰበሰ ፍራሽ አወጣችልን።

ጁዲት ዓይኗን ማመን አቃታት። የተከለችው ሣር በተከለችበት ሲቆይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከጋሼ እርገጤ ጋር በእኔ አፍ ወዳጅ ሆኑ፤ እሷ በፔርሙስ ሻይ ታመጣለች፣ እሳቸው ቆሎ ያመጣሉ። አንድ እሑድ ሻዩን እየጠጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ንገሪያት። ሲደርስ እንከፍተዋለን፣ እናጭደዋለን። እሷም ድርሻ አላት።»

ጁዲትን አየኋት። ተንበርክካ አንዲት አዲስ ቡቃያ በጣቷ ትነካካለች፣ ፊቷ በርቷል። ማጨድ? በማጭድ? ለየትኛው የሣር ክዳን ቤት? አፈርኩላቸው። የአገር ቤት ወሬ ነው፣ ይረሱታል ብዬ አሰብኩ። መሬቱ ላይ አንቺም ድርሻ አለሽ ብለውሻል አልኳት፤ ማጨዱን ዘለልኩት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እሳቸውም ደስታዋን አይተው የተስማማች መሰላቸው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ ኖረ።

በሦስት ዓመት ተዳፋቱ ሌላ ሆነ። ሣሩ ወገቤ ደረሰ። በበጋ ቀይ ቡኒ ይሆንና ዘለላው ወደ ታች ያዘቀዝቃል፣ ነፋስ ሲነካው ሁሉም በአንድ ፊት ይተኛል። ጋሼ እርገጤ ይህ የሰንበሌጥ የአጎት ልጅ ነው፣ አገራችንም አውቀዋለሁ ይሉ ነበር። ግራ የሚያጋባቸው ወራቱ ነው። በእሳቸው አገር የሚያጭዱት በየካቲት ነው፤ እዚህ ሣሩ የሚደርሰው ፈረንጆች ለገና ሲራወጡ በዲሴምበር። ሰማዩን አይተው ምን ዓይነት የተገለበጠ አገር ነው ይላሉ፣ ደግሞ ወደ ሣሩ ይመለሳሉ።

ያን ዲሴምበር አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ተዳፋቱ ከበላዩ ለሚሠሩት አዳዲስ ሱቆች መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው ተባለ። ጁዲት ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ስትደውል ከረመችና በመጨረሻ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሥልጣናት ማክሰኞ መጥተው ሊያዩት ፈቀዱ። ሣሩ እንዲህ ቆሞ ካዩት አይነኩትም አለችኝ፤ ይህ የመጨረሻ ዕድላችን ነው፣ ለጋሼም ንገሪልኝ። ለጋሼ እርገጤ ግን የነገርኳቸው ሰዎች ማክሰኞ ሊያዩት እንደሚመጡ ብቻ ነው። ደስ አላቸው። አንድ ዘለላ በመዳፋቸው አሹት፤ ፍሬው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ደርሷል» አሉ። «ቅዳሜ ይከፈታል።»

ያኔ ሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ እንዲቆም ትፈልጋለች፣ እሳቸው ለዘጠኝ ቤት ቃል ገብተዋል። ለሳቸው ብነግር ቃላቸውን ላስበላቸው ነው፤ ለሷ ብነግር ሦስት ዓመት እንደዋሸኋት ታውቅብኛለች። ረቡዕ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሐሙስም። ዓርብ ማታ ሆዴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኙም ቤተሰብ ወጣ። ማጭዱን ከፉትስክሬይ ከእስያውያን ሱቅ ገዝተዋል፤ ማጭድ ያላገኘ የወጥ ቤት ቢላ ይዟል። አጭዶ የማያውቀው ይበዛ ስለነበር ጋሼ እርገጤ እየዞሩ አያያዝ ያሳያሉ፣ ከሥር አትንቀል፣ ፍሬውን አራግፍ፣ መሬቱ ዘሩን ይመልስ እያሉ። ጴንጤዎቹ መዝሙር ጀመሩ፣ ኦርቶዶክሶቹ በእልልታ ተቀበሏቸው፣ ማን ምን እንደሚዘምር ለትንሽ ጊዜ ተረሳ። ያ ሽታ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ተደስቼ ነበር ብል አልዋሸሁም፤ ፈርቼም ነበር። እኩለ ቀን ላይ ተዳፋቱ ተላጭቶ አለቀ። ጋሼ እርገጤ እዚያው በጠመዘዙት የሣር ገመድ እየለኩ አሥር እኩል ክምር አደረጉ። ዘጠኝ ለእኛ፣ አንድ ለጁዲት።

ጁዲት ለማክሰኞው ቦታውን ልታይ ፔርሙሷን ይዛ መጣች። አልጮኸችም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ምድሩን አየችው። ጋሼ እርገጤ ከድርሻዋ ጥሩውን ነዶ ታቅፈው፣ በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። አልተቀበለችም። ወደ እኔ ዞረች።

«እንደሚያጭዱት ነግረውኝ ያውቃሉ?»

ነግረውሻል፣ እኔ ነኝ ያላልኩሽ አልኳት። ያንኑ መልሼ ለእሳቸው በአማርኛ አልኩ። ጋሼ እርገጤ ነዶውን እንደታቀፉ አዩኝ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?» አሉ። ነዶውን ወደ ክምሩ መለሱት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክምሩ ማክሰኞ ድረስ እንዳለ ቆየ፤ ማንም ድርሻውን ሊወስድ ደፍሮ አልመጣም። ባለሥልጣናቱ ሁለት ነበሩ። ጁዲት አጠገባቸው ቆማ ምን እንደነበረ ለማስረዳት ሞከረች፤ የሚታየው ግን ቃርሚያ ነው። አንደኛው ማኅደሩን ገልጦ፣ በቅንነት ነው የጠየቀው፣ ይህ ሣር ለአካባቢው ሰው ምን ጥቅም ይሰጣል፣ ዋጋውስ ምንድነው አለ። ጁዲት ስለ ዘሩና ስለ አፈሩ ተናገረች። እሱ ጻፈና ወደ ሽማግሌው አመለከተ፤ እሳቸውስ? ጋሼ እርገጤ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ።

«እኛ አገር ቢሆን ለክዳን ነው እለው ነበር። እዚህ ለምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም፣ ግራ ገብቶኛል በይው። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ሰው ድርሻ የሌለውን ነገር አይጠብቅም። እነዚህ ዘጠኝ ቤቶች ሦስት ዓመት የጠበቁት ይህ ቀን ስላለ ነው። ቀኑን ከወሰዳችሁባቸው ሣሩን እናንተ ጠብቁት።»

አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ግራ ገብቶኛል ያሉትንም ጭምር። ሰውዬው ጻፈ፣ ከዚያ ሄዱ። ጁዲት ወደ አሥረኛው ክምር ሄዳ ድርሻዋን በሁለት እጇ አነሳች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መተረክ ቀላል አይደለም፣ ሁሉም ነገር ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄድብኛል። ነዶው ለየቤቱ ተሰጠ፣ ምን እንደሚደረግበት ግን የሚያውቅ የለም። እናቴ ቲማቲሟ ሥር አነጠፈችው፤ ያን በጋ ሙቀቱ የጎረቤቱን ሁሉ ሲያቃጥል የእሷ ብቻ ተረፈ። የአንዱ ቤት ጋራዥ ውስጥ ሲቆይ የኪራይ ቤቱን ልትፈትሽ የመጣችው የአከራዩ ኤጀንት ከብት ልታስገቡ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ጁዲት ከድርሻዋ ዘሩን አራግፋ ለሌሎች ሰፈሮችና ለትምህርት ቤቶች ሰጠች፤ እንዲህ ያለ ዘር ውድ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ጸደይ ሲመጣ ደግሞ ሣሩ ከበፊቱ በርትቶ ወጣ፣ በመካከሉም ብርሃን አግኝተው ቢጫ ትናንሽ አበቦች ፈነዱ፤ ጁዲት በዚያ ቦታ አይታቸው አታውቅም። ተንበርክካ አለቀሰች። ያኔ እኔ እንግዲህ ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ እንኳን ደስ አለሽ ልበል አላወቅኩም። የተዳፋቱ ላይኛው ግማሽ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ታችኛው ቀረ። በጋሼ እርገጤ ንግግር ይሁን፣ ድንጋዩ ለመቆፈር አስቸግሯቸው ይሁን፣ የነገረን የለም።

ጋሼ እርገጤ የቀረውን ግማሽ ወዲያው ዘጉት። አስተርጓሚነቴንም አልሻሩም፤ ሐኪም ቤት አብሬያቸው መሄዴን ቀጠልኩ። አንዳንዴ ንግግር መሃል ቆም ይሉና ሁሉንም አልሽው ወይ ይሉኛል። አዎ እላለሁ። በሦስተኛው ክረምት ሳንባቸው ታሞ ሐኪም ቤት እንደተኙ ዐረፉ። ይቅርታ ብያቸው አላውቅም። ልል ስል የሚመጣ ሰው፣ የሚደውል ስልክ አይጠፋም ነበር፤ እሳቸውም የሚጠብቁት አይመስሉም ነበር።

በሚቀጥለው ዲሴምበር ሦስተኛው ዓመት ሞላ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ ጫማ መሸጫ እሠራለሁ። ጁዲት ደወለች፤ ቀኑ መቼ ነው አለችኝ። እናቴንም የዘጠኙ ቤት ሰዎች እየደወሉ መቼ ነው ይሏት ጀመር። ጋሼ እርገጤ ቀኑ እንዴት እንደሚታወቅ ለማንም አላስተማሩም ነበር። ከእኔ በቀር አብሯቸው የወረደ ሰው ስለሌለ ሁሉም እኔን ያዩኛል።

ከሥራ እንደመጣሁ የሱቁን ሸሚዝ ሳላወልቅ ወረድኩ። ጁዲት፣ እናቴ፣ የሞተረኞቹ እናትና ሌሎቹም ከላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሣሩ መሃል ገባሁ። አንዱ ዘለላ ሲነካ ይረግፋል፣ አጠገቡ ያለው አይረግፍም። ደረሰ የሚባለው የትኛው ነው? ዞር ዞር ብዬ የሚጠየቅ ሰው ፈለግሁ።

ወጣሁና ቅዳሜ ነው አልኳቸው፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። ደርሶ ይሁን ሳይደርስ ዛሬም አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሁሉም ማጭዱን ይዞ መጣ።